በስምህ የፈረምኩበት ደን

ውድ ወንድሜ ዴስ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ልለምንህ አይደለም። ሰላምታውን ትቼ በዚህ መጀመሬ ደስ እንደማይልህ አውቃለሁ፤ ግን ሌስተር ደግሞ ምን ፈለገ ብለህ ግማሹን አንብበህ እንዳትጥለው ከወዲሁ ልንገርህ ብዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ኖሬ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ሁለት ነገር ስላለኝ ነው። አንደኛው ኃጢአቴ ነው፤ እሱን ሳልደብቅ እነግርሃለሁ። ሁለተኛው ግን ኃጢአት አይደለም። ስለ እሱ ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ወደፊትም አልጠይቅህም።

ኃጢአቴን ላስቀድም። ባለፈው መጋቢት በአንድ የመንግሥት ማመልከቻ ላይ ያንተን ስም ፈርሜያለሁ።

ላይኛው ደን ያንተ መሆኑን ረስቼ አይደለም። አባታችን ሲሞት ለእኔ ቤቱንና የታችኛውን ተዳፋት፣ ለአንተ የወንዙን ሜዳና ከተራራው ጫፍ ያለውን ደን እንደሰጠ እኔም አውቃለሁ፣ መዝገቡም ያውቃል። እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ከመርገምህ በፊት ግን እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ስማኝ።

የካቲት ላይ ማሪካ የምትባል የደን ባለሙያ ከከተማው ቢሮ መጥታ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሰበሰበችን። መንግሥት የግል ደን ላላቸው ሰዎች ገንዘብ መድቧል አለችን። አትቁረጡ ሊል አይደለም፤ እየቆረጣችሁም ቢሆን ደኑ ደን ሆኖ እንዲቀር አረሙን እንድታጸዱ፣ የተጨናነቀውን እንድታሳሱ፣ የጅረቱን ዳርና ዳር እንዳትነኩ ነው አለች። የአሥር ዓመት ውል ትፈርማለህ፤ በየዓመቱ መጥተው ሥራህን ያያሉ፤ ወጪህን ይጋሩሃል። ነገሩ ይኸው ነው።

ክላይቭን ታስታውሰዋለህ፣ ከጅረቱ ማዶ ያለውን ጎረቤታችንን። ጉልበቱ እንጂ አፉ አላረጀም። ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ "የእኔ ልጅ፣ መንግሥት ገንዘብ ይዞ ሲመጣ አባቴ ውሻውን ይፈታ ነበር" አላት።

"እርስዎስ ውሻ አለዎት?" አለችው።

"አለኝ እንጂ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ አራት።"

"እንግዲያው ፒክአፕ መኪናዬ ጋ ቀድሜው እደርሳለሁ፤ ንግግሬን ልጨርስ" አለችው። አዳራሹ ሳቀ፤ ክላይቭም ራሱ ሳቀ። እኔ በዚያች ሳቅ ላይ ነው ስሜን ያስመዘገብኩት።

በሳምንቱ መጥታ ሁለት ቀን ሙሉ ደኑን አብረን ዞርን። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቁመቷ እስከ ትከሻዬ አይደርስም፤ ዳገቱን ግን እንደ ፍየል ነው የምትወጣው። ከቤቱ በላይ ያለው ተዳፋት ምን እንደሆነ አላየህም፣ ዴስ። የወፍ ቆሎ የሚባለው እሾሃም አረም ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። በሰማንያዎቹ እኔና አንተ ትልልቁን ዛፍ እየመረጥን ስናወጣ ብርሃኑ መሬት ነካ፤ ብርሃኑን ተከትሎ የወፍ ቆሎው መጣ፤ ቁጥቋጦውን ተከትለው ደግሞ እነዚያ እንደ ደወል የሚያቃጭሉት ደወል ወፎች መጡ። ሚስቴ ኖሪን ድምፃቸውን ትወድ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ "ስማቸው፣ እንደ ሰንበት ነው" ትለኝ ነበር። ማሪካ ቆም ብላ አዳመጠችና፣ ወፎቹ ቅጠል የሚመጠውን ትንሽ ተባይ እንደሚጠብቁት፣ ሌላውን ወፍ ሁሉ እያባረሩ እነሱ ብቻ እንደሚቀሩ፣ ዛፉም ቅጠሉን እየተበላ ከላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ እንደሚሞት ነገረችኝ። ያን ያህል ዓመት እንደ መዝሙር ስንሰማው የኖርነው የበሽታ ድምፅ ነበር። ኖሪን ይህን ሳታውቅ ማረፏ ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ፣ ብታውቅ ኖሮ በማግሥቱ ገጀራ ይዛ ትወጣ ነበር አልኩ።

ከዚያ ወደ ሸንተረሩ ወጣንና ግራጫዎቹ ዛፎች ጋ ደረስን። ሃምሳ ዓመት አልፏቸው እስካሁን ቆመዋል፤ ልጥ የለ፣ ቅርንጫፍ የለ፣ እንደ አጥንት ነጥተው። ወረቀቷን አጠፈችና፣ "እነዚህን ማን ገደላቸው?" አለችኝ።

"እኔና ወንድሜ" አልኳት።

ታስታውሳለህ አይደል? እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ ስምንት። ያ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሚስብ የመንግሥት ሰው መጥቶ፣ እነዚህ ውስጣቸው የተቦረቦረ ሽማግሌ ዛፎች ሥራ ፈት ናቸው፣ ጣውላ አይወጣቸውም፣ የወጣቶቹን ብርሃን ይሰርቃሉ ብሎ ለአባታችን አስረዳው። የሚገድል ሰው ከመንግሥት ድጎማ አለው አለ። አባታችን ሁለት አዲስ መጥረቢያ ገዛልን። ልጣቸውን ዙሪያውን ገፍፈን፣ ቆመው እንዲደርቁ ትተናቸው እንሄድ ነበር። አንተ ከእኔ ትፈጥን ነበር፤ ታፏጭም ነበር። ለምሳ ስንቀመጥ ስንት ገደልክ፣ ስንት ገደልኩ ተባብለን እንቆጥር ነበር። በሦስተኛው ወር ቅጠላቸው ሲረግፍ፣ ሁለት ቀይ በቀቀኖች የሞተውን ዛፍ ጎሬ ለሳምንት ሲዞሩት አይቻለሁ። ለአንተ አልነገርኩህም። ለማንም አልነገርኩም። ምን ብዬ? አባታችን ደስ ብሎት ነበር፤ መንግሥትም ደስ ብሎት ነበር።

ማሪካ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አፏን ያዘች። "አሁን እኮ መንግሥት ሰው ሠራሽ ጎሬ፣ ሣጥን ማለቴ ነው፣ ዛፍ ላይ ለሚሰቅል ሰው ይከፍላል" አለችኝ።

"እኔ እንግዲህ ሁለቱንም አገልግዬ ልሞት ነው" አልኳት።

ያን ቀን ከሰዓት ወደ አንተ ደን ወጣን። እዚያ፣ ዳገቱ ገደል ስለሆነ እኔና አንተ መጥረቢያ ይዘን ያልደረስንበት ቦታ፣ አሥራ አንድ አሮጌ ባሕር ዛፎች በሕይወት ቆመዋል። አሥራ አንድ፣ ዴስ። ግንዳቸውን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይዞረውም። ማሪካ በእያንዳንዱ ሥር ተንጋላ ወደ ላይ እያየች ጎሬ ቆጠረች። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፈው፣ ፖሰም የሚባለው ትልቁ እንስሳ እዚያ ነው ያለው፤ ጉጉቱም እዚያ ነው ያለው። ጅረቱ የሚመነጨው ከሥራቸው ነው። ዘሩ ወደ ታች የሚወርደው ከእነሱ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ሳላበቃ እሷ አለችው፤ ላይኛው ከሌለ ታችኛው ደን አይደለም፣ የወፍ ቆሎ ማሳ ነው አለች። ስለዚህ ማመልከቻው ለሁለቱ አንድ ላይ ይግባ፣ የወንድምዎ ፊርማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው አለችኝ። የወንድምዎ ፊርማ ብቻ። "ብቻ" ያለችው እኛን ስለማታውቀን ነው።

ደወልኩልህ። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ግማሽ ቀን ኩሽና ውስጥ ተንጎራድጃለሁ። መጀመሪያ ስለ ጤናህ ጠየቅሁህ፤ ቀኝ ጉልበትህን ማስቀየር እንዳለብህ፣ እዚያ ባሕር ዳር ፎቁ ላይ አሳንሰሩ ሲበላሽ ቁጭ ብለህ እንደምትውል ነገርከኝ። አዘንኩልህ፤ እውነቴን ነው። ጉዳዬን ሳነሳ ግን ድምፅህ ተለወጠ። አንድ ግንድ ነጋዴ ቀድሞኝ ደውሎልሃል ለካ። ላይኛውን ደን እንዳለ፣ ቁሙን፣ ሊገዛህ ነው። "አሥር ዓመት ውል?" አልከኝ። "እኔ የዛሬ አሥር ዓመት የት እንደምሆን አንተ ታውቃለህ? የገዛ ዛፌን እንዴት እንደምቆርጥ አንዲት ልጅ ልታስተምረኝ?" እኔም በትዕግሥት እያስረዳሁህ ነበር። ከዚያ ያንን ተናገርክ።

"አንተ መቼም ከዛፍ ጋር ነው የተጋባኸው። ኖሪንም ታውቀው ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁት። ደግሜ የደወልኩልህ ቀን የለም።

ማመልከቻው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብዕሩም አጠገቡ። አሁን የሆነውን ሳስበው ራሴን ማታለል አልፈልግም፤ እጄ ቀደመኝ ብዬ አላመልጥም። ግን አንድ ነገር አንተም ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ዶዘሩ ላይ ስትውል፣ ግንዱን ጭኜ መሰንጠቂያው ድረስ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የማስረከቢያው ወረቀት የሁለት ባለቤት ፊርማ ስለሚፈልግ ሁለቱንም የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አንተ አንድም ቀን ለምን አላልክም። የመሰንጠቂያው ጸሐፊ ደግሞ ዓይኑ እያየ፣ "ዛሬ የዴስ እጅ ጽሑፍ ያምራል፤ ምሳ በልቶ ነው?" ይለኝ ነበር። የእኛ ሰፈር ወንድማማች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው። አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ይፈርማል። ያንን ሃያ ሁለት ዓመት እንደ ምስክር አቆምኩትና ፈረምኩ። ስምህን የጻፍኩት ከራሴ ስም በተሻለ ነው። ያን ጊዜ ያልተጠየቅሁበትን ዛሬ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። ያን ጊዜ ግን አንተ ፈቅደህ ነበር። አሁን እምቢ ብለሃል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ልዩነቱን ደግሞ እየፈረምኩም አውቀው ነበር።

ሰኔ ላይ ማመልከቻው ጸድቋል የሚል ደብዳቤ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምሳዬን አልበላሁም።

ቄሱ በወር አንዴ ነው የሚመጣልን፤ በሌሎቹ እሑዶች ተራ ገብተን ራሳችን እናነባለን። ያን እሑድ ተራው የእኔ ነበር። የኑዛዜው ጸሎት ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን አልወጣ አለኝ። ያለነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። ስምንቱም ጠበቁኝ። ክላይቭ መነጽሬን የረሳሁ መስሎት ከኋላ ተነሥቶ የራሱን መነጽር አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አደረግሁት። በሰው መነጽር፣ ፊደሉ እየተንሳፈፈብኝ፣ ጨረስኩት። ኖሪን ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ከተማ ወርጄ ማሪካ ፊት ተቀመጥኩና ነገርኳት። ከዚያ በሩን ዘጋችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሌስተር፣ ለምን ነገሩኝ? ማንም አያውቅም ነበር እኮ" አለችኝ።

"እኔ አውቃለሁ" አልኳት። "ሌላም የሚያውቅ አለ።"

"አሁን ዝም ልል አልችልም። ይገባዎታል?"

"ዝም እንድትዪልኝ አልመጣሁም።"

ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁ፤ በእኔ ተናዳ ይሁን አዝናልኝ አላወቅሁም። ምናልባት ሁለቱም። አለቃዋ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ገንዘቡ ገና ስላልወጣ ወደ ፖሊስ አንሄድም፤ የጸደቀው ተሰርዟል፤ ለአምስት ዓመትም ማመልከት አይችሉም ይላል። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። አምስት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ እኔም መቁጠር እችላለሁ። ግን ተገቢ ነው አልኩ። ተቀብያለሁ። ማሪካ በር ድረስ ሸኝታኝ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ፤ አሥራ አንዱን ዛፎች በእርሳስ የሣለችበት ካርታ ነው። "ይህ የቢሮው ንብረት አይደለም፤ ምሳ ሰዓቴ ላይ ነው የሠራሁት" አለችኝ።

ኃጢአቴ እንግዲህ ይህ ነው። ስምህን ያለ ፈቃድህ ወስጃለሁ፤ ለወሰድኩት ስም ይቅር በለኝ። ይቅር ባትለኝም መብትህ ነው።

አንድ ሌላም አለ፤ ከፊርማው የሚብስብኝ እሱ ነው። ኖሪን የተቀበረች ዕለት መጥተህ እንደነበር አይቻለሁ። ከመቃብሩ አጥር ውጭ መኪናህን ተደግፈህ፣ ባርኔጣህን በእጅህ ይዘህ ቆመህ ነበር። ከእኔ እስከ አንተ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ሻይ ወዳለበት ሲሄድ እኔ ቆሜ አየሁህ፤ አንተም አየኸኝ። ይምጣ አልኩ። አንተም ይምጣ ብለህ ይሆናል። የወንዙን ሜዳ ሳትነግረኝ ማካዳሚያ የሚባለውን የዛፍ ለውዝ ለሚያበቅሉት ሰዎች የሸጥክበት ቂም በሆዴ ነበር፤ ላሞቻችን የቆሙበት መሬት ላይ የሰው ዛፍ በመስመር ተተክሎ ማየት አንጀቴን ይቆርጠው ነበር። እሱን ይዤ ቆምኩ። አንተ መኪናህን አስነሥተህ ሄድክ። ያን አርባ እርምጃ መራመድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሐዘንተኛው እኔ ብሆንም ታላቁ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሳልናገረው ይዤዋለሁ።

አሁን ይቅርታ ወደማልጠይቅበት ነገር ልምጣ።

የስረዛው ደብዳቤ በደረሰኝ በማግሥቱ ገጀራዬን ስዬ ተዳፋቱን ከታች ጀመርኩ። መንግሥት አልረዳህም ቢለኝም ደኑ ደን መሆኑን አይተውም። በቀን የአንድ ክፍል ስፋት ያህል አጸዳለሁ። ሥሩን ካልነቀልከው ተመልሶ ስለሚመጣ እየነቀልኩ ነው የምሄደው፤ ቀስ ይላል። በሦስተኛው ቀን ክላይቭ ያንን ሽማግሌ ውሻውን አስከትሎ፣ የራሱን ገጀራ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ማንም አልጠራውም።

"መንግሥትን እንኳ መዋሸት የማይችል ሰው" አለኝ፣ "እንዴት ነው እስካሁን በሕይወት የኖርከው?"

"አንተ ደግሞ ሥራው ገንዘብ የለውም ሲባል ነው የምትመጣው?"

"ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ውሻዬ አይፈቅድልኝም ነበር።"

ማክሰኞና ሐሙስ ይመጣል። ከምንቆርጠው የምናወራው ይበዛል፤ ግን እስከ መጀመሪያው ቋጥኝ ድረስ መሬቱ ይታያል። ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቡቃያ ብቅ ብሏል፤ ጣት ያህል ነው። ደወል ወፎቹ እዚያ ቦታ ዝም ብለዋል። ሌሎች ወፎች ገና አልመጡም። ይመጣሉ አልልህም፤ አላውቅም። ግን ዝምታውን ስሰማ ጉልበት አገኘሁ።

ባለፈው ሳምንት ግንድ ነጋዴው መጣ። ብራይስ ይባላል። ጫማው ንጹሕ ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ መሬቱን አይቶ ነው የወረደው። ባለጌ ልጅ አይደለም፤ ሻይም ጠጣ። ላይኛውን ከወንድምዎ ጋር ተስማምተናል፣ በሚቀጥለው ወር ማሽን አስገባለሁ፣ ስድስት ሳምንት ቢፈጅ ነው አለኝ። አሮጌዎቹን አሥራ አንድስ አልኩት። "አባቴ፣ እነሱን ደግሞ ማን ይፈልጋቸዋል? ለመንገዱ ሲባል ይወድቃሉ" አለኝ። ቃል በቃል ያ ካልሲውን የሚስበው ሰውዬ የተናገረ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ጠየቅሁት። "በየት በኩል ነው የምታልፈው?"

"በዚህ በእርስዎ በረት በኩል ነዋ። ወንድምዎ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎኛል።"

"ሁልጊዜ ክፍት የነበረው ለወንድሜ ነው" አልኩት።

ወረቀቱን አገላብጦ አየ። እኔም የእኔን አውጥቼ አሳየሁት። ዴስ፣ አባታችን ወደ ላይ የሠራው መንገድ በእኔ መሬት ላይ ነው ያለው። አንተ በሕግ ወደ ደንህ የምትገባበት መንገድ የነበረህ በወንዙ ሜዳ በኩል ነበር። ሜዳውን ስትሸጥ መንገዱን አላስቀረህም። ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ አስቀር እልህ ነበር። ብራይስ አንገቱን አከከና፣ "ይህ እንግዲህ በእናንተ በወንድማማቾቹ መካከል ነው" ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አሁን የበረቱ የብረት በር ላይ ቁልፍ አድርጌያለሁ። አባታችን ካቆመው ጀምሮ ቁልፍ ነክቶት አያውቅም።

ይህን ያደረግሁት በቁጣ ነው ወይስ ለደኑ ብዬ? ይህን ራሴን እየጠየቅሁ ሦስት ጠዋት ጸልዬበታለሁ። ቁጣ አለበት፤ አልክድህም። ስለ ሜዳው፣ በስልክ ስለ ኖሪን ስለተናገርከው። ቁጣውን አውጥቼ ጥዬ የሚቀረውን ለማየት ሞከርኩ። የሚቀር አለ። ብዙ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቁልፉን አልፈታሁትም።

ዛፍ አትንካ እያልኩህ አይደለም። እኔ ዕድሜ ልኬን ቆራጭ ነኝ፤ ጣራዬ ተቆርጦ ነው፣ የኖሪን የሬሳ ሣጥን ተቆርጦ ነው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ጠረጴዛ አንተ የጣልከው ግንድ ነው። ጉልበትህ መታከም አለበት። አንተ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለህ ስትውል እኔ ፖሰም ልጠብቅ አልልም፤ እንዲህ ያለ ሃይማኖት የለኝም። ላይኛው ደን ውስጥ በሃምሳ ዓመት የበቀሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ለመሰንጠቂያ የደረሱ ዛፎች ሞልተዋል። ከእነሱ መርጠህ ከአሥሩ መካከል ሦስቱን ብታወጣ ደኑ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይተነፍሳል። ማሪካም ያለችው ይህንኑ ነው። ለሐኪም የሚበቃህ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ። ሁሉን ጠርጎ ከሚከፍልህ ያንሳል፤ አዎ፣ ያንሳል። ግን እሱ አንዴ ጠርጎ ከሄደ በኋላ የሚመጣው የወፍ ቆሎና ደወል ወፍ ነው፤ ጅረቱም ወደ እኔ የሚወርደው ጭቃ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው፤ ለጠበቃህም አሳየው፣ አላፍርበትም። ደኑ ያንተ ነው። መሸጥ መብትህ ነው፤ አልከስህም፣ ዳግመኛም በስምህ አልጽፍም። መንገዱ ግን የእኔ ነው። አንድም የግንድ መኪና፣ አንድም ዶዘር፣ አንድም ንጹሕ ጫማ ያለው ሰው በእኔ በረት በኩል አያልፍም፤ አንተ ራስህ መጥተህ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ላይኛው ደን እስካልዋልክ ድረስ። ጉልበትህ ካልቻለ የክላይቭ ባለ አራት ጎማ ሞተር አለ፤ ከኋላ ይዤህ እወጣለሁ። እንደ ጆንያ ነው የምትንገላታው፤ ግን ትደርሳለህ። ከእያንዳንዳቸው ሥር እናርፋለን። ቀና ብለህ ታያለህ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን እያየህ፣ "ሌስ፣ ይቆረጡ" ብትለኝ በሩን በገዛ እጄ እከፍታለሁ፤ ከከፈትኩም በኋላ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ይህን በእግዚአብሔር ፊት እልሃለሁ፤ በእሱ ፊት የምናገረውን እንደማልለውጥ ታውቃለህ።

በስልክ አይሆንም። በጠበቃ አይሆንም። በብራይስ በኩል አይሆንም። ፍርድ ቤት ብትወስደኝ እሄዳለሁ፤ ኮቴን አስተኩሼ እሄዳለሁ፤ መንገድ ይከፈትለት ብለው ቢፈርዱብኝ እታዘዛለሁ። እስኪፈርዱ ድረስ ግን በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ጊዜ አለኝ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም፣ የምቸኩልበትም ጉዳይ የለም።

ዝናቡ ስለዘነበ አልቅቱ ብዙ ነው፤ ረጅም ካልሲ ይዘህ ና። አልጋህ ተነጥፏል። ቅዳሜ ከመጣህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንድትመጣ አላስገድድህም፤ ግን አሥረኛ ሰው ብትሆነን ቄሱ ደስ ይለዋል።

ካልመጣህ በሩ ተዘግቷል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ታላቅ ወንድምህ፣
ሌስተር